አፕዴት ሊመጣ ነው ለምትሉ የሀዋሳ ልጆች

የሀዋሳ ልጆች፣ ዛሬ ትንሽ ልቆጣችሁ ነው።

ይሄ የስልክ አፕዴት ወሬ ልክ አጥቷል። ፒያሳ ሞባይል ቤት በር ላይ ብትቆሙ እሱ ነው። አቶቴ በሚሄድ ባጃጅ ውስጥ ብትገቡ እሱ ነው። ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ሻይ ቤት ብትቀመጡም ያው ነው። «አይፎን ኤክስ አር ከመስከረም በኋላ ይዘጋል አሉ።» «ሳምሰንግ በሚቀጥለው ሳምንት አዲሱን ሊለቅ ነው።» «የቴክኖ ካሜራ በአፕዴት አይፎን ሊሆን ነው።» ማን አለ? ቻናል ላይ አየሁት። ቻናሉስ ከየት አመጣው? ዝም።

ወሬ መውደዳችሁን አልነቅፍም። እኔም እወዳለሁ፣ ማታ ማታ እሱን ሳላገላብጥ አልተኛም። የምቆጣው ባልተጣራ ወሬ ብር ስለምታወጡ ነው። ደህናውን ስልክ በርካሽ ትሸጣላችሁ። አዲስ ለመግዛት ያጠራቀማችሁትን ብር ይዛችሁ «ትንሽ ልታገሥ፣ የተሻለው ሊመጣ ነው» እያላችሁ ስትጠብቁ ዋጋው ሽቅብ ይወጣባችኋል። ይባስ ብላችሁ ማን እንደላከው የማታውቁትን ፋይል ስልካችሁ ላይ ትጭናላችሁ። ወሬውን መጀመሪያ ያወጣው ሰውዬ ባሕር ማዶ ነው ያለው። ቢሳሳት «ዕቅዱ ተቀይሮ ነው» ብሎ በሁለት መስመር ያልፈዋል። የእናንተን ኪሳራ የሚከፍል ግን የለም።

«እንግዲያው ወሬ ሁሉ ውሸት ነው» እንዳትሉኝ ደግሞ። ቢሆንማ ነገሩ ቀላል ነበር፣ አለመስማት ነው። የሚያስቸግረው አንዳንዱ እውነት መሆኑ ነው። በግንቦት 2017 ብሉምበርግ ላይ የሚጽፈው ማርክ ጉርማን የአይፎን ሶፍትዌር ከ18 ተነስቶ በቀጥታ 26 ሊባል ነው ብሎ ዘገበ። ስንቱ ሳቀበት። ሰኔ 2 ቀን አፕል ራሱ በይፋ 26 አለው፣ መስከረም 5 ቀን 2018 ደግሞ ለሕዝብ ለቀቀው። ሰውየው ልክ ነበር።

ወደ ኋላ ልመልሳችሁና በ2005 ክረምት ደግሞ የአንድሮይድን ነገር የሚከታተል ሰው በሙሉ ቀጣዩ ስም «ኪ ላይም ፓይ» ነው ብሎ ጨርሶ ነበር። አሜሪካኖች በሎሚ የሚሠሩት ጣፋጭ ነው። ያኔ አንድሮይዶች በጣፋጭ ስም ነበር የሚጠሩት። ማንም አልተጠራጠረም፣ ምክንያቱም ወሬው ከውስጥ ነበር የወጣው፣ ጎግል ውስጥም ሠራተኞቹ በዚሁ ስም ይጠሩት ነበር። ነሐሴ 28 ቀን ጎግል ብቅ አለና ስሙ ኪትካት ነው አለ፣ የቸኮሌቱ ስም። በኋላ የኩባንያው ሰው ለቢቢሲ ሲናገር የዚያን ጣፋጭ ጣዕም የሚያውቅ ሰው ጥቂት መሆኑን አይተን ቀየርነው አለ። ልብ በሉ፣ ወሬኞቹ አልዋሹም። ከውስጥ የሰሙትን ነው ያወሩት። ግን ተሳሳቱ። ከኩባንያ ውስጥ የወጣ ወሬ እንኳ እስከ መጨረሻው ቀን ሊቀየር ይችላል ማለት ነው።

ስሙ ቢቀየር ማን ተጎዳ ትሉኝ ይሆናል። እሺ፣ ብር ወደሚነካው እንምጣ።

በ2013 መጀመሪያ ወራት ላይ አይፎን 6ኤስ እና የመጀመሪያው ኤስኢ አይኦኤስ 15ን፣ ማለትም የዚያን ጊዜውን አዲስ የአይፎን ሶፍትዌር፣ አያገኙም፣ አበቃላቸው የሚል ወሬ ዓለምን ዞረ። ግንቦት 30 ቀን አፕል የሚያገኙትን ስልኮች ዝርዝር ሲያወጣ ሁለቱም ውስጡ ነበሩ። ሁለቱ ከዝርዝሩ የወጡት በ2015 መስከረም አይኦኤስ 16 ሲመጣ ነው። ወሬውን ሰምቶ የሸጠ ሰው አንድ ሙሉ ዓመት አጣ ማለት ነው። በ2017 ደግሞ ኤክስ አር እና ኤክስ ኤስ ይቀራሉ ተባለ። ይሄኛው እውነት ሆነ፣ አይኦኤስ 26 አልደረሳቸውም። ያው ዓይነት ወሬ፣ በያው ዓይነት ርዕስ፣ አንዴ ውሸት አንዴ እውነት። ከቤቱ ቁጭ ብሎ የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚለይ ሰው ካለ እጁን ያውጣ።

ደግሞስ «ይዘጋል» ምን ማለት ነው? እዚህ ላይ ነው በጣም የምናደደው። አዲሱን ሶፍትዌር አያገኝም ማለት በማግስቱ ስልኩ ድንጋይ ይሆናል ማለት አይደለም። ኤክስ አር 18 ላይ ይቆማል፣ በቃ። ይደውላል፣ ቴሌግራሙ ይሠራል፣ ቴሌብሩ ይሠራል። ከሱ በፊት የነበረው አይፎን ኤክስ አይኦኤስ 16 ላይ ከቆመ ቆይቷል፣ አፕል ግን ቀዳዳ ሲገኝ የደህንነት ጥገና ሲልክለት ነበር። በእርግጥ ጊዜ ሲረዝም አፖች አንድ በአንድ ይሸሻሉ። ዋትስአፕ በ2017 ሚያዝያ መጨረሻ ከአይኦኤስ 15.1 በታች ያሉትን ትቷል፣ አይፎን 6ና 5ኤስ ቀሩ። ያንን ግን በሹክሹክታ አልሰማነውም። ኩባንያው ራሱ ቀደም ብሎ ተናግሯል። እንዲህ ያለው ነገር ሲመጣ ሸጣችሁም ቀይራችሁም በጊዜ ትዘጋጃላችሁ።

እና ወሬው ባለቤት አለው፣ ይሄን ዕወቁ። ግንቦትና ሰኔ ላይ «ኧረ ይሄማ ሊዘጋ ነው፣ በዚህ ዋጋ ካልሰጠኸኝ ነገ ማንም አይገዛህም» የሚላችሁ ደላላ፣ ያንኑ ስልክ መስከረም ላይ ለሌላው ሲሸጥ «ምን ይሆናል ብለህ ነው፣ አይፎን እኮ ነው፣ አሥር ዓመት ይሠራል» ይላል። ሁለቱንም በአንድ አፍ። እሱ ሥራው ነው፣ ብዙ አልፈርድበትም። እናንተ ግን ለመጀመሪያው አምናችሁ ለሁለተኛውም ታምናላችሁ!

ወሬው እንዴት እንደሚበስል ትንሽ ልንገራችሁ። አዲስ ሶፍትዌር ከመውጣቱ በፊት ኩባንያዎቹ ቤታ የሚባል የሙከራ ቅጂ ይለቃሉ። ሥራ የፈቱ ጎበዞች (ጎበዝ ናቸው፣ ክብር ይስጣቸው) ያንን ቅጂ ይበታትኑና ውስጡ የተደበቀ ኮድ ይፈልጋሉ። አንዳንዴ የሳምሰንግ የሙከራ ፋይል ሰርቨር ላይ ታየ ይባላል። አንዳንዴ ያልወጣ ስልክ የፍጥነት መለኪያ ገጽ ላይ ስሙ ብቅ ይላል። ይሄ ሁሉ እውነተኛ ዱካ ነው። ግን ሙከራ ሙከራ ነው፣ ኮዱ ውስጥ ያለው ነገር ሳይወጣ ሊቀር ይችላል፣ ሲቀርም አይተናል። መጀመሪያ ያገኘው ሰውዬ ጥንቃቄ አድርጎ ነው የሚጽፈው። ሁለተኛው ከሱ ወስዶ ጥንቃቄውን ያሳጥረዋል። ሦስተኛው ርዕስ ያሳምራል። እኛ ቴሌግራም ላይ ሲደርስ «ሰበር!» ተብሎ፣ ሦስት እሳት ተለጥፎበት፣ ቀኑ ተቆርጦ ነው። ጥርጣሬው በየመንገዱ ረግፎ ያልቃል። አንዳንዱማ የሆነ ዲዛይነር ለመዝናናት የሣለው ሥዕል ነው፣ ኩባንያው አያውቀውም።

እውነት የሆነው ወሬም ቢሆን የእናንተ ስልክ ላይ እውነት ላይሆን ይችላል። ይህቺን ነገር ብዙ ሰው አያስተውላትም። አንድሮይድ 15 በጥቅምት 2017 ፒክስል በሚባሉት የጎግል ስልኮች ላይ ወጣ። እሺ፣ ሀዋሳ ላይ ፒክስል የያዘ ሰው ጥሩልኝ። ሳምሰንግ በዚያው ላይ የሠራውን የራሱን ቅጂ፣ ዋን ዩአይ 7ን፣ ኤስ25 ከሚባለው ስልኩ ጋር አብሮ በ2017 ጥር ላይ አስተዋወቀ፣ ኤስ24 የያዙት መጋቢት 29 ቀን ማግኘት ጀመሩ፣ የኤ ስልክ የያዘው ብዙኃኑ ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው ወረፋው የደረሰው። ያውም ሚያዝያ ላይ ችግር ተገኝቶ ሥርጭቱ ለጥቂት ቀን ቆሞ ነበር። ታዲያ ጥቅምት ላይ «ወጣ» ያለው ቻናል ዋሸ? አልዋሸም። አንተ ኤ14ህን ይዘህ ሴቲንግ ውስጥ ማታ ማታ ስትነካካ ከረምክ እንጂ። አይፎን ይለያል፣ በአንድ ጊዜ ነው ለዓለም የሚለቀቀው፣ አብዛኛውን ጊዜ በእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ። እዚያ ሰዓት ላይ ሀዋሳም ካሊፎርኒያም እኩል ነው፣ ፓኬጅ ካላችሁ።

የቴክኖና የኢንፊኒክስ ወገኖቼ፣ እናንተን ደግሞ ለብቻ ላናግራችሁ፣ ምክንያቱም ከተማውን የሞላችሁት እናንተ ናችሁ። ስልኩ ጥሩ ነው፣ ባትሪው ይበረክታል፣ ሀገራችን ውስጥም ይገጣጠማል። ግን ብዙዎቹ ርካሽ ሞዴሎች ትልቅ የአንድሮይድ ለውጥ ሳያዩ ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ። ጥገና ቢመጣላቸው ትንንሽ ነው። ደግሞ የትኛውም አፕዴት ሌንስ አይቀይርም። ካሜራው የሚያየው በመስታወቱና በውስጡ ባለው ሴንሰር ልክ ነው፣ ሶፍትዌር ቀለሙን ሊያሳምር ይችላል እንጂ ሌላ ካሜራ አያደርገውም። «በአፕዴት አይፎን ይሆናል» ያለህን ሰው ከዚያ በኋላ የአየር ሁኔታ እንኳ አትጠይቀው።

ኩባንያው ራሱ በይፋ የተናገረውም ይዘገያል እኮ። አፕል ሰኔ 2016 ላይ የተሻለች ሲሪ (በድምፅ የምታዝዟት የአይፎን ረዳት) እያለ አሳየ፣ ስልክም ሸጠበት። በ2017 የካቲት መጨረሻ ላይ ዘግይተናል አለ። ያቺ ሲሪ ላለችበት ለአፕል ኢንተለጀንስ፣ ለአፕል የሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ብሎ አይፎን 13 የገዛ ልጅ አውቃለሁ። የሚሠራው ከ15 ፕሮ ጀምሮ ነው፣ አማርኛም ከሚደግፋቸው ቋንቋዎች ውስጥ አልገባም። ዝርዝሩ አፕል ገጽ ላይ ተጽፎ ቁጭ ብሏል። ማንበብ አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

አሁን ወደ ክፉው ልምጣ። እስካሁን ያልኩት ብር የሚያስወጣ ነው፣ ይሄ ግን ስልክም አካውንትም የሚያስበላ ነው።

መስከረም 2006 ላይ አይኦኤስ 7 ስልኩን ውኃ እንዳይገባው ያደርጋል የሚል ማስታወቂያ ተሠራጨ። ልክ የአፕል ማስታወቂያ ይመስላል። ቀልድ ነበር፣ ውኃ ውስጥ የከተቱ ሰዎች ግን ነበሩ። በዓመቱ አይኦኤስ 8 ሲወጣ ደግሞ ስልካችሁን ማይክሮዌቭ ውስጥ ቻርጅ አድርጉ የሚል መጣ። የሎስ አንጀለስ ፖሊስ ሳይቀር አታድርጉ ብሎ አስጠነቀቀ። በ2008 የካቲት አካባቢ ቀኑን ወደ ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 መልሱት፣ ያማረ የድሮ ምልክት ይመጣል ተባለ። ያደረጉት ስልካቸው አልነሣ አለ። አፕል በአይኦኤስ 9.3 እስኪያስተካክለው ድረስ ስንቱ ጥገና ቤት ተመላለሰ። እነዚህ ሁሉ የሠሩት ሰው ሶፍትዌሩ ምን ምን እንደሚሠራ በደንብ ስለማያውቅ፣ የመጣውን ሁሉ ለማመን ዝግጁ ስለሚሆን ነው።

በቀልድ ብቻ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። መጋቢት 2013 ላይ ዚምፔሪየም የሚባል የደህንነት ኩባንያ «ሲስተም አፕዴት» ብሎ ራሱን የሰየመ የአንድሮይድ አፕ አገኘ። ፕሌይ ስቶር ላይ አልነበረም፣ ከሌላ ቦታ ነው የሚጫነው። ከገባ በኋላ መልእክት ያነባል፣ ጥሪ ይቀዳል፣ ፎቶ ይሰርቃል፣ የት እንዳለህ ይከታተላል፣ ከላይ ግን አፕዴት እየፈለገ ያለ ያስመስላል። እናንተስ? «አዲሱ አንድሮይድ ነው፣ ጫነው» ተብሎ ኤፒኬ (የአፕ መጫኛ ፋይል) ሲላክላችሁ ከላኪው ጋር ትውውቅ እንኳ ሳይኖራችሁ ትጭኑታላችሁ። ያውም ደሞዛችሁ የሚገባበት የባንክ አፕ ባለበት ስልክ ላይ።

አሞራ ገደል ዓሣ ስትገዙ እኮ ዝም ብላችሁ አትወስዱም። ታገላብጣላችሁ፣ ታሸታላችሁ፣ «መቼ ነው የወጣው?» ትላላችሁ፣ ሻጩን እስኪሰለቸው ትጠይቃላችሁ። ለአንድ ምሳ ይህን ያህል የተጠነቀቀ ሰው ለስልኩ ምን ነካው?

የአንድሮይድ እውነተኛ አፕዴት የሚመጣው ሴቲንግ ውስጥ ነው። ሶፍትዌር አፕዴት የሚለውን ትነካላችሁ፣ ካለ ያሳያችኋል፣ ከሌለ የለም። ቴሌግራም ላይ በፋይል አይላክም። ሌላ አገር የወጣውን ቶሎ ላገኝ ብሎ ስልኩን ፍላሽ የሚያስደርግም አለ፣ ለሚያውቅ ሰው ይሁንለት፣ የማያውቅ ግን ያለችውን አንዲት ስልክ ይዞ አይሞክር። ቤታም እንደዚያው። ኩባንያዎቹ ራሳቸው በዋና ስልካችሁ ላይ አትጭኑት ይላሉ። ከጫናችሁ በኋላ ባትሪው ቢሞት፣ የባንኩ አፕ አልከፈት ቢል የምትወቅሱት ሰው የለም።

ለእናቶቻችሁም ንገሩ፣ ለአባቶቻችሁም። እነሱ «ልጄ ልኮልኝ ነው» ብለው ነው የሚጭኑት።

የመጨረሻው ለእናንተ ለቻናል ባለቤቶች ነው። እዚሁ ከተማ ያላችሁ አላችሁ፣ ትሰሙኛላችሁ። የምትጽፉትን ከየት እንዳገኛችሁ ጻፉ። አንድ መስመር ነው። ኩባንያው ያለውንና ሰው የገመተውን አትቀላቅሉ። ያላችሁት ቀን መጥቶ ካለፈ ፖስቱን ሹልክ አድርጋችሁ አታጥፉት፣ ከሥሩ ትክክል አልነበረም ብላችሁ ጻፉበት። ተከታይ ይቀንስብናል ካላችሁ ይቀንስ።