ክርክር፦ «ወንድ ልጅ ፊቱን አይቀባባም» ማለት የወሎን ወንድ ይጎዳዋል?

ይጎዳዋል (ከደሴ)

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። «ወንድ ፊቱን አይቀባባም» ሲባል እየሰማ ያደገ ወንድ ከንፈሩ ተሰንጥቆ ሲደማ እንኳ ዝም ይላል።

የባሰው ግን የጢሙ ነገር ነው። ጥቅልል ጢም ከሥሩ ተላጭቶ ሲያድግ ተመልሶ ቆዳውን ይወጋል፤ አንገት ላይ የሚወጣው ሽፍታና ጥቁር ነጠብጣብ ከዚህ ይመጣል። ቆዳውን ወጥሮ፣ ከአበቃቀሉ በተቃራኒ ደጋግሞ የሚላጭና ሲያቃጥለው «ቻለው» ተብሎ አልኮል የሚያፈስ ሰው ያባብሰዋል። ይልቅ ፊትን 5 ደቂቃ ያህል በሞቀ ውሃ ማለስለስ፣ በአዲስ ምላጭ ወደ አበቃቀሉ መላጨት፣ ሽፍታው ለሚመላለስበት ደግሞ ምላጩን ትቶ በማሽን 1 ሚሊ ሜትር ማስቀረት ነው።

አይጎዳውም (ከኮምቦልቻ)

ወንድሜ፣ ስለ ምላጩ ያሉት ልክ ነው። ወንድነትን መክሰስዎን ግን አልቀበልም። ባቲ ገበያ ጸጉሩን በቅቤ ያራሰውን ጎልማሳ ማን ከወንድ አሳነሰው?

ጉዳቱ ከሱቅ ነው የሚመጣው። «ፊት ያጠራል» ተብለው ከሚሸጡት ክሬሞች አንዳንዶቹ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን የሚባል ስቴሮይድ (የቆዳ መቆጣትን የሚያበርድ ኃይለኛ መድኃኒት) አለባቸው። መጀመሪያ ፊቱ ጥርት ይላል። ሲቆይ ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥሩ ይታያል፣ ብጉር ይወርረዋል። ሲተወው ፊቱ ቀልቶ ያቃጥለዋል፤ ያኔ ክሬሙ የረዳው መስሎት ተመልሶ ይቀባል። ወጣቱን እዚያ የሚያደርሰው «ተንከባከብ» የሚለው ስብከት ነው።

የደሴው መልስ

ለሐኪም ማሳየት የሚያፍር ወንድ ነው ተደብቆ ከሱቅ የሚገዛው። ቅቤም ቢሆን ፀሐይ አይመልስም፤ ብጉር ያለበት ፊት ላይ ሲቀባ ቀዳዳውን ይደፍናል። ለፊትና ለአንገት ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሰንስክሪን (ፀሐይ የሚከላከል ቅባት)፣ መከላከያ ቁጥሩ (SPF) 30 የሆነ፣ ከመውጣት 15 ደቂቃ በፊት፤ ውጭ ለሚውል በየ2 ሰዓቱ።

የኮምቦልቻው መልስ

ግማሽ የሻይ ማንኪያ 2.5 ሚሊ ሊትር ነው። ቀኑን ሙሉ እርሻ ላይ የሚውል ሰው በቀን 4 ጊዜ ከተቀባ 50 ሚሊ ሊትሩ ቱቦ በ5 ቀን ያልቃል። ይህን ገበሬ የሚያግደው ወንድነቱ ሳይሆን ዋጋው ነው። ፊቱን፣ ጆሮውንና ማጅራቱን የሚያጠላ ሰፊ ባርኔጣ ግን አንዴ ገዝቶ ዓመት ያደርገዋል።