ወፍ ሲያዩ ድንጋይ ማንሳት ምን ይሉታል?

ቅዳሜ ጠዋት የሰባት ዓመት ልጄን ይዤ ወደ አንገረብ ግድብ ወረድኩ። ጭላዳና ዋልያ ላሳየው ብል ስሜን ተራሮች ነው፤ ደባርቅ ድረስ ብቻ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ። መኪናው፣ መግቢያው፣ አጃቢው ሲደመር የደመወዝተኛ አቅም አይችለውም። ጎንደር ላይ ለእኛ ለእግረኞች የቀረን አንገረብ ነው።

ግማሽ ሰዓት ያህል ዝም ብለን ተቀመጥን። አንዲት ነጭ ሳቢሳ ውሃው ዳር ቆማ በአንድ እግሯ ጭቃውን ነካ ነካ ታደርጋለች። እግሯ ጥቁር፣ ጣቶቿ ቢጫ። የተደበቀውን ትንሽ ዓሣ የምታስወጣው እንዲያ እየኮረኮረች ነው። ቤት ውስጥ አምስት ደቂቃ አርፎ የማይቀመጠው ልጄ ትንፋሹን ውጦ ያያታል።

ከዚያ መኪና መጣ። በሮቹ ወለል ብለው ተከፈቱ፣ ሙዚቃው አካባቢውን አናወጠው፣ አንዱ ጎረምሳ ገና ከመውረዱ ድንጋይ አነሳ። ለምን? ሊበላት አይደለም፤ ሰብል አላጠፋችበትም። ወፍ ስላየ ብቻ! ሳቢሳዋም ዳክዬዎቹም ግር ብለው ተነሡ።

«አባዬ፣ ምን አድርጋው ነው?» አለኝ ልጄ። መልስ አጣሁ።

ጠጋ ብዬ «ወንድሜ፣ ተው እንጂ» ብለው «ያንተ ናት እንዴ?» አለኝ። አዎ፣ የእኔም ያንተም ናት! ሲሄዱም ባዶ ፕላስቲኩን፣ ፌስታሉንና የጫት ገራባውን እዚያው ጥለውት ሄዱ። የምንጠጣው እኮ ይህንኑ ውሃ ነው! ግድቡ ከተራቆተው ተዳፋት በሚታጠብ ደለል እየሞላ፣ እኛ በየቤታችን ጀሪካን ደርድረን ፈረቃ እየጠበቅን፣ በላዩ ላይ ቆሻሻ እንጨምርበታለን።

እኔን የሚያንገበግበኝ ማክበርን የምናውቅ ሰዎች መሆናችን ነው። እዚሁ ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ስንገባ ከጽድ ዛፉ ሥር ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን። ቅርንጫፍ የሚሰብር፣ ወፍ የሚወግር የለም። ያ ዛፍ እስከ ዛሬ የቆመው በዚህ ነው። ታዲያ ከአጥሩ ስንወጣ ምን ይነካናል?

አንገረብ ዳር አንድ ጥበቃ፣ አንድ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር ማስቀመጥ ለከተማው ይከብዳል? እስከዚያው እኔና ልጄ በሚመጣው ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ እንሄዳለን፣ ሌላው ሰው ሳይነሣ።