የቆዳ ሕዋስ ላብራቶሪ ለጅማ ቅንጦት አይደለም

ስለ ቆዳ እርጅና ምርምር ሲነሳ ብዙ ሰው የሚመጣለት የፊት መጨማደድ የሚያጠፋ ክሬም ነው። በቅርቡ እዚህ ጅማ የቆዳ ሕዋስ የሚያድግበት ላብራቶሪ ይቋቋም የሚል ጨዋታ ሲነሳ አንድ ወዳጄ «መጀመሪያ ሳሙናና ጫማ ይዳረስ፣ ላብራቶሪው ይደርሳል» ሲል ተከራከረ። ሳሙናና ጫማ ይዳረስ ባለው እስማማለሁ። ላብራቶሪው ይቆይ በሚለው ግን ፈጽሞ አልስማማም።

እዚሁ ጅማ መርካቶ ቡና በመልቀም የምትተዳደር አንዲት እናት አውቃለሁ። ዝሆኔ ይዟት እግሯ ከቁርጭምጭሚት በታች አብጧል፤ ቆዳው ጠጥሮ ተሰነጣጥቋል፣ በጣቶቿ መሐል ያለው ደግሞ ሁሌ እንደራሰ ነው። ሕመሙ ሲነሳባት ትኩሳቱ ከአልጋ አያስወርዳትም። ጫማ ቢሰጣትም ሱቅ ውስጥ ያለው አንዱም አይገባላትም። ጫማው በሽታውን ሊከላከልላት የሚችለው ልጅ ሳለች ነበር።

ይህ ዓይነቱ ዝሆኔ በትንኝ አይመጣም። ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል፤ በእሳተ ገሞራ አለት በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሚሄዱ ሰዎችን ይይዛል። ደቃቅ የማዕድን ብናኝ በእግር ቆዳ ዘልቆ ትርፍ ፈሳሽ የሚያነሱትን የሊምፍ ቧንቧዎች ያስቆጣል፣ ኋላም ይዘጋቸዋል። ሆኖም በአንድ ማሳ በባዶ እግር ካደጉ ወንድማማቾች አንዱ ሲታመም ሌላው ሳይታመም ሊቀር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2012 በፋሲል ተኮላ አየለ መሪነት በወላይታ የተሠራ ጥናት የበሽታ መከላከያ ሥርዓትን ከሚመሩ ዘረመሎች መካከል ከበሽታው ጋር የተያያዙትን አሳይቷል። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ጥያቄ፣ ብናኙ ሲገባ በቆዳው ሕዋስ ውስጥ ምን ይሆናል የሚለው፣ በሕዋስ ላብራቶሪ የሚታይ ነው።

እዚህ ላይ ነው የእርጅናው ምርምር የሚጠቅመን። ቆዳን የሚያጠነክረውን ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን የሚሠራው ፋይብሮብላስት የተባለው ሕዋስ ነው። ወጣት ፋይብሮብላስቶች በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ቀጭንና ረጃጅም ናቸው፤ በአንድ አቅጣጫ እንደሚዋኝ የዓሣ መንጋ ተሰልፈው ይታያሉ። ሄይፍሊክና ሙርሄድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1961 እንዳሳዩት እነዚህ ሕዋሳት ከሰውነት ውጭ ከ40 እስከ 60 ጊዜ ያህል ተከፍለው ያቆማሉ። ያረጀው ሕዋስ ይሰፋል፣ ይጠፈጠፋል፣ ግን አይሞትም፤ ጎረቤቶቹን የሚያስቆጡና ኮላጅንን የሚያፈርሱ ንጥረ ነገሮችን ይረጫል። በዝሆኔ እግር ላይ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ኮላጅኑ ከልክ በላይ ተከማችቶ ሥጋውን ያጠጥረዋል። ለፊት መጨማደድ የተማርነውን ለዚያ እግር እንዳናውለው የሚከለክለን ነገር የለም።

መርካቶ ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጡትን የማቅያ ቅባቶችም ሳልጠቅስ አላልፍም። አንዳንዶቹ ቤታሜታሶን ወይም ክሎቤታሶል የተባሉ ጠንካራ የስቴሮይድ መድኃኒቶች አሉባቸው፤ ለረጅም ጊዜ ፊት ላይ ሲቀቡ ፋይብሮብላስቱ ኮላጅን መሥራቱን ይቀንሳል፣ ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥሩ ይወጣል። ለወጣት ሴቶቻችን ይህን የራሳቸውን በሚመስል ቆዳ ላይ በተነሳ ምስል ማሳየት ከምክር የበለጠ ይሠራል።

ምርምሩ የት ድረስ እንደደረሰ ለሚጠይቅ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ጀርመን ቦሁም ከተማ አንድ የ7 ዓመት ሶሪያዊ ልጅ ቆዳው በዘር በሽታ እየተላጠ ሊሞት ነበር። ከ4 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ናሙና ዘረመሉ ተስተካክሎ ያደገ ቆዳ 80 በመቶ ያህሉን ሰውነቱን ሸፈነለት። ጅማ ነገ ይህን ታድርግ አልልም። ፋይብሮብላስት ማሳደግ ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ነገር ይፈልጋል፦ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የቆዳ ናሙና፣ 37 ዲግሪ የሚጠብቅ ኢንኩቤተር፣ ለማቆያ ፈሳሽ ናይትሮጅን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የማይቋረጥ መብራት። አንድ ሌሊት መብራት ቢጠፋ የሳምንታት ሥራ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ገንዘቡ ሲመደብ ከማይክሮስኮፑ በፊት ለጄኔሬተሩና ለነዳጁ ይታሰብ።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ወደ ገጠር ቀበሌ በሚልክበት ማኅበረሰብ አቀፍ ትምህርቱ ይታወቃል፤ እነዚህ ልጆች በዝሆኔ ያበጡትን እግሮች በየቤቱ ያያሉ። አዲስ አበባ ደግሞ አርማወር ሃንሰን የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ በሥጋ ደዌ ላይ ሲሠራ ቆይቷል። ባለሙያ ከዚያ ይማር፣ ናሙናው ግን ከጅማ ይወሰድ፣ እዚሁም ይቀመጥ። ናሙና የሚሰጠው ገበሬ ደግሞ ቆዳው ለምን እንደሚወሰድ በገዛ ቋንቋው፣ በአፋን ኦሮሞም ሆነ በአማርኛ፣ ይነገረው፤ ውጤቱም ተመልሶ ቤቱ ድረስ ይምጣለት።