ክብር ለማህተም ያዡ

በር ላይ የተለጠፈ ስም አይታችሁ አትታለሉ። እሱ ሥልጣን ነው፤ በደብዳቤ የተሰጠ፣ ግልባጩ ለሰው ሀብት የደረሰ። ጉልበቱ የሚቀመጠው ሌላ ክፍል ነው፤ ከስታምፕ ፓዱ ጎን፣ በተቆለፈ መሳቢያ ውስጥ። ቁልፉ ማህተም ያዡ ጋ ነው። ማህተም ያዡ ምሳ ላይ ናቸው። ቀኑ ዓርብ ከሆነ ደግሞ ምሳው ከ5፡30 እስከ 7፡30 ነው፤ አይዟችሁ፣ ሕጋዊ ነው።

ይህን አሠራር የሚያማርሩ ሰዎች ጥበቡ አልገባቸውም። ደብዳቤ ቁጥርና ቀን፣ ፊርማ፣ የፈራሚው ስምና ኃላፊነት ያለበት ቲተር፣ በመጨረሻም ክብ ማህተም ይፈልጋል። ማህተሙ የፊርማውን ጫፍ ነካ አድርጎ ማረፍ አለበት። ከተጫነው ተቀባዩ መሥሪያ ቤት "ፊርማው አይነበብም" ብሎ ይመልሰዋል፤ ከራቀው ደግሞ ይጠረጥራል። እንዲህ ላለ የእጅ ሙያ ግማሽ ቀን መጠበቅ ምን አላት?

ኃላፊው ሥልጠና የሄዱ ዕለት ውበቱ ይበልጥ ይወጣል። ውክልና ሰጥተው ነው የሄዱት። ተወካዩ "ስለ" ብሎ ይፈርማል፤ ባንኩ "የዚህ ሰው ናሙና ፊርማ አልደረሰኝም" ይላል። ቁልፉማ ቀድሞም በውክልናው አልተካተተም።

ጀርመናዊው የማኅበረሰብ ሳይንስ ሊቅ ማክስ ዌበር ሕጋዊ ሥልጣን የወንበሩ እንጂ የሰውየው አይደለም ብሎ አስተምሯል። ወንበሩን አይቷል፤ መሳቢያውን ግን አልከፈተም። እኛ ቀድመን እናውቀዋለን። ፀሐፌ ትእዛዝ ወልደጊዮርጊስ ወልደዮሐንስ ከጣሊያን መባረር በኋላ የጽሕፈት ሚኒስትር ሆነው የንጉሠ ነገሥቱን ማህተም ሲይዙ፣ በማዕረግ የሚበልጧቸው መኳንንት ይፈሯቸው ነበር። በ1947 ዓ.ም. የአርሲ ጠቅላይ ግዛት ገዥ ሆነው ተሾሙ። በወረቀቱ ሹመት ነው፤ አገሩ ግን "ወደቁ" አለ። ማህተሙ አዲስ አበባ ቀርቷላ!

ከሥልጣንና ከጉልበት ቀጥሎ ሦስተኛው ተሰሚነት ነው። እሱ ወንበርም መሳቢያም የለውም፤ ስልክ አለው። "ሰላም ነው? አንድ ልጅ እልክልሃለሁ" ካለ በቂ ነው፤ አላዘዘም፣ አልፈረመም፣ ነገ ቢጠየቅም የሚያዝ ነገር የለበትም። ለዚህ ነው ጨዋ ባለጉዳይ "ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?" ብሎ የማይጀምረው። "እዛ ቤት ሰው አለህ?" ነው የሚለው። ግድግዳው ላይ የዜጎች ቻርተር አገልግሎቱ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ጽፎ ይጠብቀዋል፤ ደቂቃው ግን መቆጠር የሚጀምረው ቁልፉ ከመጣ ወዲህ መሆኑን መጻፍ ረስተዋል።

ስልኩ ሲደወል ማየት ነው። ማህተም ያዡ ምሳቸውን አቋርጠው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ኪሳቸውን እየዳበሱ ይመጣሉ። ልጁ ማህተሙ ሳይደርቅ ደብዳቤውን እፍ እያለ ወረፋውን ሰንጥቆ ይወጣል። ከጠዋት ጀምሮ የቆሙት አንዳቸውም ወደ ቅሬታ ሰሚው ቢሮ አያመሩም። ልጁን እስከ በሩ ተከትለው የደዋዩን ቁጥር ይለምኑታል።