የበላውን ቀለብ ያሰሉ፣ ቀኑን ማስላት አቃታቸው?

ሰው ያለ ጥፋቱ ታስሮ ሲፈታ፣ እስር ቤት ሳለ የበላበትና ያደረበት ተሰልቶ ከካሳው ይቀነስ ቢባል ማን ያምናል? ብሪታኒያ ውስጥ ግን ሆኗል። የአገሪቱ የመጨረሻው ፍርድ ቤት በ2007 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን ነው) ቅናሹን አጸደቀው። ምክንያቱ፣ ውጭ ቢሆኑም ለቤትና ለምግብ ያወጡ ነበር የሚል ነው። አሠራሩ የቀረው በ2023 ነው፤ አንድሪው ማልኪንሰን ባልሠራው ወንጀል 17 ዓመት ታስሮ ፍርዱ ሲሻርለት፣ ነገሩ አደባባይ ወጥቶ ሕዝብ ተቆጣ።

ቀለቡ ቀረ፤ ዋናው እንቅፋት ግን አለ። በእንግሊዝና በዌልስ ከ2014 ወዲህ ፍርድ መሻሩ ብቻ ካሳ አያስገኝም። ወንጀሉን አለመፈጸሙ ከጥርጣሬ በላይ መታየት አለበት። ዐቃቤ ሕግ የሚሸከመውን ሸክም፣ ያውም ዓመታት ካለፉና ምስክሮች ከሞቱ በኋላ፣ ለተበደለው ማሸከም ነው።

በጃፓኑ ኢዋኦ ሃካማዳ ጉዳይ ደግሞ ስስት አልታየም። በ1966 ተይዞ ከ47 ዓመት በላይ ታሰረ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሞት ፍርደኛ ሆኖ። በ2024 ነጻ ሲባል 88 ዓመቱ ነበር። በቀን 12,500 የን፣ ሕጉ የሚፈቅደው ጣሪያ፣ ታስቦ 217 ሚሊዮን የን ገደማ ተወሰነለት። ግን አእምሮው ቀድሞ ታውኳል። ከእስር ወጥቶ እንኳ፣ ክፍሉ ውስጥ እንዳለ ሁሉ፣ እህቱ ቤት ከወዲያ ወዲህ ሲመላለስ ይውል ነበር። ገንዘቡ የደረሰው ለዚህ ሰው ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ መዘግየት ነው። በብዙ አገር ጥፋተኛው በአመክሮ ሲወጣ የሚከታተለው ሠራተኛ ይመደብለታል፤ ማረፊያም ይፈለግለታል። ፍርዱ የተሻረለት ግን መዝገቡ ተዘግቷልና ፌስታሉን አንጠልጥሎ ከችሎት ይወጣል። ከዚያ ማመልከቻ፣ ጠበቃ፣ ቀጠሮ።

የጠፋው ደመወዝ፣ የፈረሰው ትዳር፣ የጤናው ጉዳት ማጣራት ይፈልጋል፤ ይቆይ። የመጀመሪያው ክፍያ ግን ማመልከቻ ሳይጠየቅበት በዚያው ሳምንት ሊሰጥ ይችላል። ጀርመን ለእያንዳንዱ የእስር ቀን 75 ዩሮ ብላ በሕጓ ቆርጣለች። ትንሽ ነው፤ ቢሆንም ለመነሻ የሚሆን ቁጥር ነው። የገባበትና የወጣበት ቀን እስር ቤቱ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። የሚቀረው ማባዛት ነው።