እጅ የሚነሳን እንግዳ

ወሎ እንግዳ ተቀባይ ነው ሲባል ኖሯል። ዘንድሮ ሙያው ወደ እንግዳው ዞሯል፤ ሁሉን የሚቀበለው እሱ ነው፣ ያውም በስልኩ። ጭፈራ ሊያይ ደሴ ድረስ ለሚመጣው ባለ ስልክ ይህች ጽሑፍ እጅ መንሻ ትሁንልን።

አስቀድሞ ጽናቱ ይወደስ። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቶ፣ ጣርማበርን ተሻግሮ፣ ደብረ ሲናን ቁልቁል ወርዶ፣ በሸዋ ሮቢትና በከሚሴ ሙቀት ተጠብሶ ኮምቦልቻ ይገባል። ከዚያ የሐረጎን ዳገት እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ። ያን ሁሉ ደክሞ ደሴ ሲገባ ግን አንድ ቦታ አይረጋም። ቡና ሲፈላ ጭሱን ይቀርጻል፣ አቦሉን ፉት ይላል፣ ቶናው ሳይወርድ ይነሳል። ምርቃቱ የሚደርሰው በረካው ላይ መሆኑን የሚነግረው የለም። ቢነግሩትስ? ምርቃት ምስል የለውም። ንጉሥ ሚካኤል ግብር ያበሉበት አዳራሽ «አይጠየፍ» የተባለው ማንንም ስለማይጠየፍ ነው፤ እንግዳችን ግን በሩ ላይ ቆሞ ፎቶ ተነስቶ ያልፋል። እሱ አዳራሹን ቢጠየፍ ስሙ ላይ የተጻፈ ክልከላ የለም።

ትልቁ ችሎታው የሚታየው ጭፈራው ላይ ነው። ለማያውቅ እናስረዳ። የወሎ ጨዋታ የሚቆመው በአራት ነገር ነው፦ አውጪ፣ ተቀባይ፣ ከበሮና ጭብጨባ። አውጪ ስንኙን ይጥላል፣ ዙሪያውን የከበበው ሰው አዝማቹን ይቀበላል፣ ከበሮው ምቱን ይይዛል፣ ጭብጨባው ያጠብቀዋል። መሀል የገቡት ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው በአንገት ይጀምራሉ፣ ወደ ትከሻ ያወርዱታል፣ ጭብጨባው ሲፈጥን እየተንበረከኩ ይወርዳሉ። ክቡ መጥበብ አለበት። ሁለት ሰው ለሚጨፍርበት አራት አምስት እርምጃ ስፋት ይበቃል፤ ሰው ትከሻ ለትከሻ ሲጠጋጋ ጭብጨባው አንድ ድምፅ ይሆናል፣ ከበሮ መቺውም እሱን ሰምቶ ይፈጥናል ወይም ይበርዳል። ከበሮ መቺ ብቻውን አይፈጥንም፤ የሚነዳው እጅ ነው።

እዚህ ላይ ባለ ስልኩ ይገባል። ስልክ በአንድ እጅ ይያዛል፣ አንድ እጅ ደግሞ አያጨበጭብም። ሠላሳ ሰው በከበበው ጨዋታ ሃያው ስልክ ካነሳ የቀረው የአሥር ሰው ጭብጨባ ነው። አዝማቹንም አይቀበል፤ አፉን ከከፈተ የራሱ ድምፅ ቪዲዮው ውስጥ ገብቶ ያበላሽበታል። ከዚያ ጨፋሪዎቹን ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር በአንድ ምስል ለማስገባት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል። ጎረቤቱም እሱን አይቶ ወደ ኋላ ይላል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አምስት እርምጃ የነበረው ክብ የመኪና ማቆሚያ ያህላል፣ ጭብጨባው ይሳሳል፣ ከበሮ መቺው የሚሰማው አጥቶ በልቡ መምታት ይጀምራል። ሲመሽ ሁሉም የስልኩን መብራት ጨፋሪው ዓይን ላይ ይለቃል። አንገቱን ወደ ቀኝና ወደ ግራ የሚጥል ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሲጨፍር አይታችሁ «ተመስጦ ነው» ካላችሁ፣ ተመስጦ አይደለም፣ መብራት ነው።

ማታ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ የቀረጸውን ያያል። «ሕዝቡ ቀዝቃዛ ነው፣ አያጨበጭብም» ይላል። ትክክለኛ ትዝብት ነው። ይህን የመሰለ ሐቀኛ የራስ ግምገማ ከየትም አይገኝም።

ቪዲዮው የሚለቀቀው ደግሞ እንዳለ አይደለም። የከበሮው ድምፅ ተነስቶ በምትኩ ሌላ ዘፈን ይለጠፍበታል። ምቱ ሦስት ሦስት እየሄደ የተጨፈረው እስክስታ አራት አራት የሚቆጥር ሙዚቃ ይደረብለታል፤ ትከሻው በአንዱ፣ ዘፈኑ በሌላው ይሄዳል። ከዚያ በላዩ «ባቲ» ተብሎ ይጻፋል። የዜማውን ቅኝት መለየት ትርፍ ድካም ነው፤ ትዝታም ቢሆን፣ አምባሰልም ቢሆን፣ አንቺ ሆዬም ቢሆን ባቲ ነው፤ አጭር ስለሆነ ለመጻፍ ይመቻል። ባቲ ከተማ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ መሆኗን ሰምቶ ሐሙስ ዕለት የሚሄድም አለ፤ ገበያዋ ሰኞ ነው። ባዶ ሜዳ ቀርጾ «ፀጥታው ደስ ይላል» ብሎ ይለቃል።

ነሐሴ 16 ደርሶ ልጃገረዶቹ ቅጠሉን ወገባቸው ላይ ሲያስሩ እንግዳችን ወደ ሰሜን ይዘልቃል። በዓሉ ሰቆጣ ላይ ሻደይ፣ ላሊበላ ላይ አሸንድዬ፣ ቆቦ ላይ ሶለል መባሉ የአገሬው ጣጣ ነው። እሱ አንድ ቃል ይዟል፣ እሱኑ ሦስቱም ላይ ይጽፋል። ቤት ለቤት እየዞሩ የባለቤቱን ስም እየጠሩ የሚጨፍሩትን ልጆች «አንዴ ድገሙልኝ፣ ፀሐዩ ከኋላ ነበር» ማለትም ያውቅበታል። ልጆቹም ይደግሙለታል፤ የባለቤቱ ስጦታ ግን አይደገምም።

አዝማሪ ቤት ሲገባ ልግስናው ይለያል። ደንቡ እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ሊሰጥ፣ አዝማሪው ደግሞ በማሲንቆ ሊመልስለት ነው። ባለ ስልኩ ስንኝ አይሰጥም፣ ስልኩን ይሰጣል፤ አፍንጫው ሥር ያስጠጋለታል። ሽልማቱን ግንባር ላይ ሲለጥፍም ለካሜራ ነው። ለዚህ ሙያዊ ምክር አለን፦ ገና ከባንክ የወጣ ኖት ደረቅ ግንባር ላይ አይያዝም፣ ይንሸራተታል፤ በእጅ የለሰለሰ አሮጌ ብር ላብ ባለው ግንባር ላይ ይሻላል። ያው 200 ብር ለጥፎ፣ ወድቆበት፣ አንስቶ፣ ከሌላ አቅጣጫ እያስቀረጸ ሦስቴ የሚለጥፍ ሰው በቪዲዮው 600 ብር ሸልሟል። እንዲህ ያለውን እንግዳ አዝማሪ በዝምታ አያልፈውም፦

«ጭፈራ ሊያይ መጣ ሐረጎን አቋርጦ፣
እጅ ነስቶን ሄደ ስልኩን ብቻ ጨብጦ።»

እንግዳው ሰሙን ሰምቶ «አክብረው ተቀበሉኝ» ብሎ ይስቃል። ወርቁ ስልኩ ውስጥ ተቀርጿል፣ አንድ ቀን ይሰማው ይሆናል።

ስለ ወርቅ ካነሳን፣ ከወርቅ የሚበልጥበት ኦፓል የሚባለው የከበረ ድንጋይ ነው። ደላንታ ወገል ጤና አካባቢ ገደሉ ውስጥ ያለው የኦፓል ንጣፍ ቀጭን ስለሆነ ጉድጓዱ ንጣፉን ተከትሎ ወደ ጎን ይገባል፤ ዝቅተኛ ነው፣ ዝናብ ሲገባው ይናዳል። እንግዳችን በነጭ ጫማ የጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ቆፋሪውን «እስቲ መዶሻውን ከፍ አድርገህ እስክስታ ምታልኝ» ይለዋል። ሲመለስ ደሴ ላይ ውሃ ጠርሙስ ውስጥ የተቀመጠ ድንጋይ ይገዛል። የወሎ ኦፓል ውሃ ይጠጣል፦ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ስንጥቁ ይደበቃል፣ ቀለሙም እየጠፋ ብርጭቆ ይመስላል። በግራም ሲመዘን ውሃውም አብሮ ይሸጣል። ቤት ሲገባ ደግሞ «እንዳይሰነጠቅ» ብሎ መልሶ ውሃ ውስጥ ይከተዋል፤ ቀለሙ ጠፋ ብሎ ምድጃ አጠገብ ያደርቀዋል፤ ያኔ ይሰነጠቃል። ጥላ ሥር ቀስ ብሎ ቢደርቅ ቀለሙ ይመለስ ነበር። ሽቶና ዘይት ከነካው ግን ይጠጣዋል፣ ቢጫ ይሆናል። ይህን ሁሉ የሚነግሩት ሻጮች አሉ፤ እሱ በዚያ ሰዓት ጠርሙሱን እየቀረጸ ነበር።

እኛም እንዲህ ያለ እንግዳ እንዳይቀርብን ለመጪው በዓል ዝግጅት ማድረግ አለብን። ለስልኮቹ ክቡ ዙሪያ ባህር ዛፍ ተተክሎ መደርደሪያ ይሠራ፤ ባለቤቶቻቸው እየተጋፉ እንዳይደክሙ። ለአንድ ስልክ ሁለት አጨብጫቢና አንድ ተቀባይ ይቀጠር። ከበሮ መቺው ሕዝቡን መስማት ስለቀረበት የጭብጨባው ድምፅ በስልክ ተቀርጾ ጆሮው ላይ ይሰካለት። የአንድ ጥንድ እጅ የቀን አበል ስንት ይሁን የሚለው ገና አልተቆረጠም፤ ተከራካሪዎቹ አይጠየፍ በር ላይ ፎቶ እየተነሱ ነው።