«8 ጂቢ ግራፊክስ» እያላችሁ የሰው ገንዘብ አትብሉ

ዛሬ ይውጣልኝ። ደብረ ብርሃን ሱቅ ከፍታችሁ ላፕቶፕ የምትሸጡ፣ ከአዲስ አበባ እያስመጣችሁ ቴሌግራም ላይ የምትለጥፉ፣ እባካችሁ ስሙኝ። «ኮር አይ 7፣ 16 ጂቢ ራም፣ 8 ጂቢ ግራፊክስ፣ ለኢንጂነሪንግ፣ ለጌም፣ ለኤዲቲንግ» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ያ 8 ጂቢ ግራፊክስ ግን ማሽኑ ውስጥ የለም!

ያለው ከፕሮሰሰሩ (ከማሽኑ ዋና አስሊ ክፍል) ጋር አብሮ የተሠራው የኢንቴል ግራፊክስ፣ ማለትም ምስል የሚሠራው ክፍል ነው። የራሱ ሜሞሪ የለውም። ዊንዶውስ ሥራ ሲበዛበት ከራሙ (ከማሽኑ የሥራ ሜሞሪ) እስከ ግማሽ ድረስ እንዲበደር ይፈቅድለታል፤ ከ16 ጂቢ ግማሹ 8 ነው። ዲኤክስዳያግ የሚባለው የዊንዶውስ መመርመሪያ ሲከፈት 8,000 ሜጋባይት አካባቢ ሆኖ የሚታየው ቁጥር ይኸው ብድር ነው። አንዱን ራም ሁለት ጊዜ ቆጥራችሁ ሁለት ጊዜ እየሸጣችሁት ነው ማለት ነው።

ብድሩ ደግሞ ቀርፋፋ ነው። ዲዲአር4 3200 የሚባለው የራም ዓይነት አንድ ብቻ ከተሰካ በሰከንድ 25.6 ጊጋባይት ያመላልሳል፣ ሁለት ከተሰካ 51.2። አርቲኤክስ 4060 የሚባለው የላፕቶፕ ግራፊክስ ካርድ በራሱ 8 ጂቢ ሜሞሪ በሰከንድ 256 ጊጋባይት ያመላልሳል። ሁለቱንም «8 ጂቢ» ብሎ በአንድ ስም መሸጥ በጠራራ ፀሐይ ማታለል ነው።

የሚገዛው ማን ነው? መንዝ ላይ በጎቹን ሸጦ፣ ልጁ አርክቴክቸር ስለደረሰው «ጥሩውን ስጡልኝ» ብሎ የመጣ አባት ነው። ይህ ሰው የምንጃር ጤፍ ሲገዛ እጁን ጆንያው ውስጥ ከትቶ፣ መዳፉ ላይ አበጥሮ ሳያይ ሳንቲም አይከፍልም። ላፕቶፕ ላይ ግን እጁን የሚከትበት ጆንያ አላሳያችሁትም።

ስለዚህ ገዢዎች፣ ጆንያው ይኸውላችሁ። ማሽኑ በርቶ ሳለ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ የሚለው ውስጥ ግቡና ጂፒዩ (ግራፊክሱ ማለት ነው) የሚለውን ንኩ። «ዴዲኬትድ ጂፒዩ ሜሞሪ» ያለው የማሽኑ የራሱ ነው፤ «ሼርድ» ያለው ብድሩ ነው። የካርዱ ስም ኢንቴል ብቻ ከሆነ፣ ዴዲኬትዱም ባዶ ወይም 128 ሜጋባይት ካለ፣ ሻጩ የጠራውን 8 ጂቢ እርሱት። እዚያው ሜሞሪ የሚለውን ስትነኩ ከታች ስንት የራም ማስገቢያ እንደተያዘ ይታያል። ከ2 አንዱ ብቻ ከተያዘ ሁለተኛ ራም መጨመር ትችላላችሁ፤ ትልቅ ለውጥ ነው። ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ከሆነ ግን ዛሬ የገዛችሁት መጠን እስከ መጨረሻው ያው ነው።

«ኮር አይ 7» የሚለው ቃልም ያንገበግበኛል። አይ 7 7500ዩ የሚባለው ፕሮሰሰር ሁለት ኮር (ስሌቱን የሚካፈል ክፍል) ብቻ ነው ያለው። በስም ታናሹ የሆነው አይ 5 12450ኤች ስምንት አለው። ሰው ግን «አይ 7 ይሻላል» ተብሎ ለአሮጌው አብልጦ ይከፍላል። በዚያ ላይ 7500ዩ ዊንዶውስ 11ን በይፋ አይቀበልም፤ ዊንዶውስ 10 ደግሞ ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ወዲህ መደበኛ ድጋፉ ተቋርጧል። አይ 5 1235ዩ እና አይ 7 1255ዩን አስተያዩ። ሁለቱም አሥር ኮር፣ ሁለቱም 15 ዋት ናቸው፤ በከፍተኛው ፍጥነት 4.4 እና 4.7 ጊጋኸርዝ ነው ልዩነታቸው። በሥራ ላይ የማይታወቅ ልዩነት ነው፣ በዋጋ ላይ ግን ይታወቃል። ከቁጥሩ ኋላ ያለውን ፊደል እዩ። ዩ ለባትሪ ቆጣቢ፣ ኤች ለከባድ ሥራ፣ ኤችኤክስ ከዚያም በላይ ነው።

አሁን እውነተኛ ካርድ ያላቸው፣ ውዶቹ ማሽኖች ዘንድ እንድረስ። እዚህም ስም ያሳስታል። አርቲኤክስ 4060 ላፕቶፕ ውስጥ ሲገባ አምራቹ ከ35 እስከ 115 ዋት ባለው መካከል የፈለገውን ይመድብለታል። ቀጭንና ቆንጆ ሰውነት ውስጥ የገባው በዝቅተኛው ዋት ይሠራል፣ ምክንያቱም ሙቀቱን የሚያስወጣበት ቦታ የለውም። ወፍራሙ ውስጥ ያለው በሙሉ ጉልበት ይሮጣል። ተለጣፊው ላይ የተጻፈው ስም ግን አንድ ነው። በካርዱ አምራች በኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል ሲስተም ኢንፎርሜሽን ውስጥ «ማክሲመም ግራፊክስ ፓወር» የሚለውን አንብቡ። ዋቱን ሳትጠይቁ ለ4060 መክፈል ኪሎውን ሳይመዝኑ በግ እንደመግዛት ነው።

ለውድ ካርድ መክፈል ይገባል ወይስ አይገባም? ለሒሳብ ሥራ፣ ለፒችትሪ፣ ለኤስፒኤስኤስ (የስታቲስቲክስ ፕሮግራም)፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ፣ ለዌብ ኮዲንግ በፍጹም አይገባም። ሲቪል ኢንጂነሪንግም እንደምታስቡት አይደለም። የሕንፃ ጥንካሬ የሚሰላበት ኢታብስ ስሌቱን የሚሠራው በፕሮሰሰሩና በራሙ ነው፣ ባለሁለት ገጽታ አውቶካድም ትልቅ ካርድ አይጠይቅም። ባለ ኤች አይ 5፣ 16 ጂቢ ራም በሁለት ማስገቢያ፣ ፋይል የሚቀመጥበት 512 ጂቢ ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ ይበቃል። ኤስኤስዲውንም አጣሩ። ሳታ የሚባለው በሰከንድ ከ550 ሜጋባይት አይዘልም፣ ብዙው ኤንቪኤምኢ ግን ከሦስት ሺህ ያልፋል፤ ቅርጻቸው አንድ ሊሆን ስለሚችል በዓይን ብቻ አይለዩም።

የሚገባው የሕንፃ ምስል የሚሠራበትን ሉሚዮን ለሚከፍት አርክቴክት፣ ብሌንደር ላይ ባለ ሦስት ገጽታ ምስል ለሚሠራ፣ ባለ 4ኬ ቪዲዮ ከነቀለሙ ለሚያስተካክል፣ የሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) ሞዴል ለሚያሠለጥን ሰው ነው። ሉሚዮን ያለ ካርድ አይንቀሳቀስም፣ እዚያ ላይ መቆጠብ ገንዘቡን መጣል ነው። ቀለም የምትሠሩ ደግሞ ስክሪኑን ቀድማችሁ ጠይቁ። ብዙ የጌም ላፕቶፕ ውድ ካርድ ይዞ 45 በመቶ ኤንቲኤስሲ የሚባል፣ ቀለም የሚያጎድል ስክሪን ይገጠምለታል። ቀዩ እዚያ ላይ የደበዘዘ ነው፤ በዚያ እያያችሁ ያስተካከላችሁት የሠርግ ቪዲዮ ሌላ ስክሪን ላይ ሲከፈት ፊቱ ሁሉ ቀልቶ ይገኛል። መቶ በመቶ ኤስአርጂቢ (የቀለም ስፋት መለኪያ ነው) ያልሆነውን ለዚህ ሥራ አትግዙ።

ሻጭ የማይነግራችሁ ሌላም አለ። ከባዱ ማሽን ሙሉ ጉልበቱን የሚያወጣው ሶኬት ላይ ሲሆን ብቻ ነው። በባትሪ ካርዱ ራሱን በጣም ዝቅ ያደርጋል፣ ያም ሆኖ ባትሪው ቶሎ ያልቃል። መብራት ሲሄድ ውዱ ማሽን ከመካከለኛው ጋር ይስተካከላል፣ በክብደቱ ብቻ ይበልጠዋል። 230 ዋት ቻርጀር ሲበላሽ «ይሄም ይሠራል» ተብሎ 150 ዋት ከተሰጣችሁ አትቀበሉ። ሥራ ሲከብድ ጉድለቱን ከባትሪው ይስባል፤ ተሰክቶም ባትሪው ይወርዳል። አንዳንዱ ማሽን ቻርጀሩን ካላወቀው ፕሮሰሰሩንም ያንቀራፍፈዋል። ስለዚህ ሲገዙ ቻርጀሩን ገልብጦ ቮልቱንና አምፔሩን ማባዛት ግዴታ ነው፤ 20 ቮልት በ11.5 አምፔር 230 ዋት ይሆናል።

ከፍታችንም ይቆጠራል። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ናት። አየሩ ከባሕር ጠለል ከሩብ በላይ የሳሳ ስለሆነ ፋኑ ያንኑ ያህል ቢዞር የሚያወጣው ሙቀት ያነሰ ነው። ቅዝቃዜያችን ያካክሰዋል እንጂ በቀጭን ማሽን ላይ ይታወቅ ነበር። ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጦ መሥራት ግን ይቅር፣ አየር የሚገባው ከሥር ነው። ጣርማ በርን ወርዳችሁ ሸዋሮቢት የምትሠሩ የቅዝቃዜው ማካካሻ ስለሌላችሁ ወፍራሙን ምረጡ፤ በዓመት አንዴም አስከፍታችሁ አቧራውን አስጠርጉ፣ ፕሮሰሰሩና ካርዱ ላይ የሚቀባውን የሙቀት ማስተላለፊያ ፔስትም አስቀይሩ። ካርዱ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፣ ተቃጠለ ማለት አብዛኛውን ጊዜ ቦርዱ በሙሉ ተቀየረ ማለት ነው።

ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ከመቶ ካለፈ በኋላ ይህን ስህተት አርሞ ሌላ የሚገዛ ሰው ጥቂት ነው። ለዚህ ነው የሚያበሳጨኝ።

ሻጮች፣ ከዛሬ ጀምሮ ፖስታችሁ ላይ አምስት ነገር ጨምሩ። የፕሮሰሰሩን ሙሉ ስም እስከ ፊደሉ፣ ዴዲኬትድ ሜሞሪውን ብቻ፣ የካርዱን ዋት፣ ስንት የራም ማስገቢያ እንዳለና ስንቱ እንደተያዘ፣ ያገለገለ ከሆነ ደግሞ ዊንዶውስ የሚያወጣውን የባትሪ ሪፖርት። ዲዛይን ካፓሲቲው (ባትሪው አዲስ ሳለ የነበረው አቅም) 60,000 ሆኖ ፉል ቻርጁ (አሁን የሚይዘው) 35,000 የሆነ ማሽን «ስላይትሊ ዩዝድ»፣ ማለትም ጥቂት ያገለገለ አይባልም። ስክሪንሾቱን ለጥፉት፣ ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።